ማን ቤት ቀርታልን ወጣን? የሴቶች መብት፣ የቆዳ ቀለምና መደብ

(ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የዓለም አቀፍ የሴቶች ቀንን ምክንያት በማድረግ በተካሄደ የኢትዮጵያውያን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶቻችን፣ ውድ እኅቶቼ፣ በመካከላችን የተገኛችሁ ወንድሞቼ፤ እንኳን ለሴቶች ቀን በሰላም አደረሳችሁ። ይህን መድረክ ለሰጡኝ አዘጋጆች ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

የተሰጠኝ ርእስ ፌሚኒዝም ከዘርና ከመደብ ጋር ያለው ግንኙነት የሚል ነው። ሰፊ ስለሆነ በሦስት ነገሮች ልወስነው። በመጀመሪያ፣ በምንኖርባት በዚህች አገር ሴቶች የመምረጥ መብት ለማግኘት ሲታገሉ ጥቁር ሴቶችን ምን እንዳደረጓቸው እናገራለሁ። ቀጥዬ ስለ ቤት ውስጥ ሥራ አነሣለሁ፤ ልቤ ያለው እዚያ ስለሆነ ረዘም ያለ ጊዜ እወስድበታለሁ። በመጨረሻ ወደ ራሳችን፣ ወደ አዲስ አበባና ወደ ቤይሩት፣ ወደዚህም አዳራሽ እመለሳለሁ። የኢትዮጵያ ነው ብዬ ካልጠቀስኩ በስተቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቋሜን ከመነሻው ላስቀምጥ። የሴቶች ንቅናቄ ዘርንና መደብን «ዘንግቶ ነበር» ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ታሪኩን ባነበብኩ ቁጥር የማገኘው መዘንጋትን ሳይሆን ድርድርን ነው። ሥልጣን የያዘው ወገን «እናንተ ግቡ፣ እነዚያ ግን ውጭ ይቆዩ» ይላል፤ በሩ ላይ የደረሱት ሴቶችም ውጭ የሚቀረው ማን እንደሆነ እያወቁ ይገባሉ። ይህ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ነገር ቢሆን ኖሮ ስሕተት እንለው ነበር። ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሆነው?

በዚህች አገር የመጀመሪያው የሴቶች መብት ጉባኤ የተካሄደው በ1848 ኒው ዮርክ ግዛት፣ ሴኔካ ፎልስ በተባለች ከተማ ነው። ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ በቦታው ተገኝቶ የሴቶች የመምረጥ መብት ጥያቄ እንዲጸድቅ ተከራክሯል። በዚያ ጉባኤ ላይ የተገኘች ጥቁር ሴት ግን በታሪክ መዝገብ አትገኝም።

ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ1866 ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ በተካሄደ ሌላ የሴቶች ጉባኤ ላይ ግን አንዲት ጥቁር ሴት መድረኩን አገኘች። ፍራንሲስ ኤለን ዋትኪንስ ሃርፐር ትባላለች፤ ገጣሚ ናት፤ ከዚህ ቅርብ በሆነችው ባልቲሞር ነጻ ከሆኑ ወላጆች የተወለደች ናት። እባካችሁ ያለችውን በጥሞና አድምጡልኝ። ኦሃዮ ውስጥ ከባሏ ጋር እርሻ ላይ ስትኖር ቅቤ እየናጠች ለኮሎምበስ ገበያ ታቀርብ ነበር። ባሏ ዕዳ ትቶ ሞተ። መቃብር ከገባ ሦስት ወር ሳይሞላው ንብረት አጣሪው መጥቶ የወተት ማሰሮዎቿንና የልብስ ማጠቢያ ገንዳዎቿን ሳይቀር ጠርጎ ወሰደ፤ አንድ መስተዋት ብቻ ተዉላት። «እኔ ሞቼ እሱ ቢተርፍ ኖሮ ማንም ቤቱ ገብቶ አልጋውን አይሸጥበትም ነበር» አለች። እስከዚህ ድረስ አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ነጭ ሴቶች ሁሉ የራሳቸውን ታሪክ ሰምተዋል፤ ሕጉ በእነሱም ላይ እንዲሁ ነበርና። ቀጥላ ግን፣ ባቡር ላይ ስትሳፈር በቀለሟ ምክንያት ውረጂ እየተባለች እንደምትንገላታ ነገረቻቸው፤ «እናንተ ነጭ ሴቶች እዚህ ስለ መብት ትናገራላችሁ፤ እኔ የምናገረው ስለ በደል ነው» ስትልም ተናገረች። አስተውሉ፤ የተነጠቀችው ማሰሮና ገንዳ የእንጀራዋ መሣሪያ ነው። ሴትነቷ፣ ቀለሟና ድህነቷ በአንድ ገላ ላይ ያረፉ ናቸው፤ ማን ነው ለይቶ የሚቆጥራቸው?

ለይተው የቆጠሯቸው ግን ብዙ ናቸው። በ1869 ኒው ዮርክ ላይ የጥቁሮችንም የሴቶችንም መብት በአንድነት ይጠይቅ የነበረው የእኩል መብት ማኅበር ለሁለት ተሰነጠቀ። ምክንያቱ ለጥቁር ወንዶች የመምረጥ መብት የሚሰጠው 15ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነበር፤ ሴቶችን አላካተተም። የሴቶች ንቅናቄ መሪዎቹ ኤልሳቤጥ ኬዲ ስታንተንና ሱዛን አንተኒ ተቃወሙት፤ ስታንተንም ስለ ጥቁሮችና ስለ ስደተኞች በንቀት እስከ መናገር ደረሰች። ዳግላስ ተነሥቶ፣ ሴቶች ሴት በመሆናቸው ብቻ ከቤታቸው እየተጎተቱ በመብራት ምሰሶ ላይ ሲሰቀሉ ያን ጊዜ የእነሱም ጥያቄ የእኛን ያህል አጣዳፊ ይሆናል አለ። ከተሰብሳቢው መካከል አንድ ድምፅ «ይህ ሁሉ በጥቁር ሴትም ላይ የሚደርስ አይደለም ወይ?» ሲል ጠየቀው። ዳግላስም «አዎ፣ አዎ፣ አዎ፤ ግን ሴት ስለሆነች ሳይሆን ጥቁር ስለሆነች ነው» ሲል መለሰ። ዳግላስን በጣም አከብረዋለሁ። ይህ መልሱ ግን ጥቁሯን ሴት ለሁለት ከፍሎ ግማሿን ብቻ ወሰደ፤ ስታንተን ደግሞ ሌላኛውን ግማሽ ወሰደች። ሙሉዋን የወሰዳት አልተገኘም።

ይህ የጥንት ነገር ይመስላችኋል? በ1970ዎቹ ሚዙሪ ውስጥ አምስት ጥቁር ሴቶች የመኪና አምራቹን ጄኔራል ሞተርስን ከሰሱ። ፋብሪካው ከ1964 በፊት ጥቁር ሴት ቀጥሮ አያውቅም፤ ስለዚህ ቅነሳ መጥቶ «በመጨረሻ የገባ በመጀመሪያ ይውጣ» ሲባል የተባረሩት እነሱ ሆኑ። ፍርድ ቤቱ በ1976 ምን አለ? ኩባንያው ሴቶችን ቀጥሯልና የጾታ አድልዎ የለም፤ የዘሩን ክስ ደግሞ ጥቁር ሠራተኞች ካቀረቡት ከሌላው ክስ ጋር አጣምሩት አለ። የተቀጠሩት ሴቶች ነጮች ነበሩ። የሕግ ምሁሯ ኪምበርሌ ክሬንሾ በ1989 ይህን ፍርድ ይዛ ነው፣ የዘርና የጾታ በደል በሚገናኙበት መንገድ ላይ የቆመችውን ሴት ሕጉ አያያትም ብላ የጻፈችው። ከዳግላስ መልስ እስከዚያ ፍርድ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው።

በመካከል ስለ 1913ቱ የሴቶች የመምረጥ መብት ሰልፍ ሳልናገር አላልፍም፤ ብዙዎቻችን ለሥራ በምናቋርጠው፣ ዋሽንግተን በሚገኘው በፔንሲልቫኒያ አቬኑ ላይ የተደረገ ነውና። አዘጋጆቹ የደቡብ ግዛት ነጭ ሴቶች እንዳይቀየሙ ብለው ጥቁር ሴቶች ከኋላ ይሰለፉ አሉ። ያለ ፍርድ የሚሰቀሉ ጥቁሮችን ጉዳይ ለዓለም ያጋለጠችው ጋዜጠኛ አይዳ ቢ ዌልስ ከቺካጎ መጥታ ነበር። ከኋላ አልሰለፍም አለች፤ ተመልካቹ መሐል ቆይታ የኢሊኖይ ሴቶች ሲደርሱ ወጥታ በሁለት ነጭ ሴቶች መካከል ገብታ ተራመደች። ሴቶች በ1920 የመምረጥ መብት አገኙ ተባለ። በደቡብ ያለችው ጥቁር ሴት ግን በንባብ ፈተናና በምርጫ ግብር እየታገደች እስከ 1965 ድረስ ጠበቀች። ይኸው ነው ድርድሩ፤ ዋጋው 45 ዓመት ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ሴት ከቤት ወጥታ ትሥራ፣ ትማር፣ ትመረጥ እንላለን፤ እኔም እላለሁ። ታዲያ ስትወጣ ሕፃኑን ማን ይይዛል? ሳህኑን ማን ያጥባል? ባል ካልያዘ፣ መንግሥትም ካላገዘ፣ መልሱ በየአገሩ አንድ ነው፦ ሌላ ሴት። ያቺም ሴት ብዙ ጊዜ ደሀ ናት፤ ቀለሟ ወይም የመጣችበት አገር የተለየ ነው።

እነዚህ ሴቶች ድምፅ ያልነበራቸው እንዳይመስላችሁ። በ1881 አትላንታ ውስጥ ጥቁር ልብስ አጣቢዎች የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ሲጀምሩ 20 ነበሩ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ 3000 ደረሱ። ከተማው እያንዳንዷ አጣቢ 25 ዶላር የፈቃድ ክፍያ እንድትከፍል አደርጋለሁ ብሎ ሲያስፈራራቸው፣ እንከፍላለን፣ የልብሱን ዋጋ የምንወስነው ግን እኛ ነን ብለው ጻፉለት። ከባርነት ከወጡ ገና 16 ዓመታቸው ነበር! የሴቶች መብት ታሪክ ሲጻፍ ይህ አድማ ለምን ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ አይገኝም?

በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ጥቁር ሴቶች የሥራ ልብሳቸውን በወረቀት ከረጢት ይዘው ከማለዳ ጀምሮ መንገድ ማዕዘን ላይ ይቆሙ ነበር። የቤት እመቤቶች እየመጡ፣ ከላይ እስከ ታች እያዩ፣ በሰዓት ሳንቲም ተደራድረው ይወስዷቸው ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ደላላ ቤት ደጃፍ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው የሚጠብቁትን ልጆች ያየ ሰው ይህን ለመገመት አይቸገርም። በ1935 የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ሲወጣ የእርሻና የቤት ሠራተኞች ተቆርጠው ቀሩ፤ በ1938 ዝቅተኛ ደሞዝና የሥራ ሰዓት ሲደነገግም የቤት ሠራተኞች አሁንም ውጭ ቀሩ። ጥቁር ሴቶች በብዛት የሚሠሩት በእነዚህ ሥራዎች ነበር። የቤት ሠራተኞች ዝቅተኛ ደሞዝ ያገኙት በ1974 ነው። ያንን ያመጡት እንደ ዶሮቲ ቦልደን ያሉ ሴቶች ናቸው። ቦልደን የአትላንታ የቤት ሠራተኛ ነበረች፤ በጠዋት አውቶቡስ ውስጥ፣ ወደ ሥራ በሚሄዱ ሴቶች መካከል እየዞረች ቀስቅሳ በ1968 ማኅበራቸውን አቋቋመች። አባል ለመሆን የመራጭነት ካርድ ማውጣት ግዴታ ነበር። የመደብን፣ የቀለምንና የሴትነትን ጥያቄ በአንድ አውቶቡስ ያሳፈረች እሷ ናት።

የ1974ቱ ሕግ ግን አንድ ቀዳዳ ተወ፤ ይህ ቀዳዳ እዚህ የተቀመጣችሁትን ብዙዎቻችሁን ይነካል። ለአረጋውያንና ለሕሙማን «ጓደኛ» ሆነው የሚሠሩትን ከሕጉ አወጣቸው። ኤቭሊን ኮክ የተባለች ጃማይካዊት ስደተኛ ኒው ዮርክ ውስጥ ለዓመታት አረጋውያንን ስታነሣ፣ ስታጥብ፣ አንዳንዴም 24 ሰዓት ስትሠራ ኖራ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ስለተከለከለች ከሰሰች። በ2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ፈረደባት። የሠራተኛ ሚኒስቴር በኤጀንሲ በኩል የሚሠሩትን የሚያካትት ደንብ ያወጣው በ2013 ነው፤ ኤቭሊን ኮክ ግን በ2009 ሞታለች።

እኔም ወደዚህ አገር በመጣሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ላይቭ ኢን፣ ማለትም ሰው ቤት እያደርኩ አረጋውያንን የመንከባከብ ሥራ፣ ሠርቻለሁ። የቀጠረኝ ኤጀንሲ ሌሊቱን «እንቅልፍ ነው» ብሎ ከክፍያው ይቆርጠው ነበር፤ የምንከባከባት እናት ግን በሌሊት ደጋግማ ትነሣለች፤ ይዣት ካልተነሣሁ ትወድቃለች። ወጣት ሳለች የሴቶች መብት ታጋይ ነበረች። በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ፎቶዋ ተሰቅሏል፤ በ1970 ኦገስት 26 ሴቶች ኒው ዮርክ ውስጥ በአምስተኛው አቬኑ ሲሰለፉ፣ ባለ ሰማያዊ ቀሚስ፣ አፏን ከፍታ እየጮኸች። ካልሲዋን እያጠለቅኩላት ስለዚያ ዘመን ታጫውተኝ ነበር። አንድ ቀን ስብሰባ ስትሄድ ልጆቿን የምትይዝላት ጥቁር ሴት እንደነበረች፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ትመጣ እንደነበር ነገረችኝ። «ሰልፉ ላይ አብራችሁ ሄደች?» ብዬ ጠየቅኋት። ገረማትና ቀና ብላ አየችኝ። «ታዲያ ልጆቹን ማን ይይዝልኝ ነበር?» አለች።

ይህችን ሴት እወዳት ነበር። ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። መልሷም እውነተኛ ነው፤ ከዚያ የበለጠ እውነተኛ መልስ ከየትም አልሰማሁም። በዚያ ሰልፍ ላይ ከተጠየቁት ሦስት ነገሮች አንዱ ነጻ የሕፃናት መዋያ ነበር። ጥያቄው እስካልተመለሰ ድረስ ልጆቹን የያዘችው ያቺ ሁለት አውቶቡስ የቀየረችው ሴት ናት። የራሷን ልጆችስ ማን ይዞላት ነበር?

አሁን ወደ ራሳችን። እኅቶቼ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን ሴቶች በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አለን፤ በሁለቱም በኩል ኖረናልና። እዚህ ካልሲ የምናጠልቀው እኛ ነን፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ብዙዎቻችን ያደግነው የቤት ሠራተኛ ባለበት ቤት ነው።

እናቴ መምህርት ነበረች፤ በደርግ ዘመን በቀበሌያችን የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ውስጥ ንቁ ተሳታፊ ነበረች። ማርች 8 ሲደርስ የምትለብሰውን ልብስ በከሰል ካውያ የምትተኩስላት ከእኔ ጥቂት ዓመት የምትበልጥ ከገጠር የመጣች ልጅ ነበረች። ማታ ማድ ቤት ውስጥ ፍራሽ ዘርግታ ትተኛለች። እናቴ ስለ ሴቶች እኩልነት ስብሰባ ስትሄድ «እትዬ፣ ወጡን ስንት ሰዓት ላሙቅ?» ብላ ጠይቃ እኛን ይዛ ትቀራለች። እናቴ ልጅቷ ፊደል እንድትቆጥር ፈልጋ የማታ መሠረተ ትምህርት አስገብታታለች፤ ነገር ግን ትምህርቱ ከእራት ሰዓት ጋር ስለሚጋጭ የሳምንቱን ግማሽ ትቀር ነበር። አባቴም እኮ ያን ሰዓት ቤት ነበር! ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል። ወጥ ማሞቅ፣ ልጅ መያዝ ለእሱ ይሰጥ ያለ ግን አልነበረም። በሁለት ሴቶች መካከል ያለው የመደብ ልዩነት ወንዱን ከሥራው ነጻ አወጣው። ፌሚኒዝም መደብን ሳይነካ ሲቀር የሚጠቀመው ማን እንደሆነ ከዚያ ሳሎን የበለጠ የሚያሳይ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ አልክድም። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎችም ታግለው በ1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የቤተሰብ ሕጉ ተሻሻለ፤ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ የወሊድ ፈቃድን 120 ቀን አደረሰ። ትልቅ ድል ነው። ያው አዋጅ ግን የቤት ሠራተኞችን አይሸፍንም፤ የእነሱ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይወሰናል ብሎ አለፈው። ይህ አባባል ቀድሞ በነበረውም አዋጅ ውስጥ አለ። እንግዲህ አስቡት፤ የቢሮ ሠራተኛዋ 120 ቀኗ አልቆ ወደ ሥራ ስትመለስ ሕፃኑን የምትረከበው ያቺ አዋጁ የማያውቃት ልጅ ናት። እሷ ብታረግዝስ? ብዙውን ጊዜ ዕቃዋን በፌስታል ይዛ ትወጣለች።

ቤይሩት ላይም ሕጉ ያው ነው። በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን በግልጽ ያወጣል፤ በከፋላ ሥርዓት ደግሞ የስደተኛዋ ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ቤቱን ጥላ ብትወጣ ሕገ ወጥ ትሆናለች። በ2020 ገንዘቡ ወድቆ ኮሮና ሲጨመርበት አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን እኅቶቻችንን በመኪና አምጥተው ሐዝሚዬ በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋቸው ሄዱ፤ ከነሻንጣቸው አስፋልት ላይ አደሩ። ምስሉን ሁላችንም አይተነዋል፣ አልቅሰናል። እንባችን እውነተኛ ነበር። ሆኖም ቤይሩት ላይ የምናወግዘውን፣ ፓስፖርት መንጠቅን፣ ያለ ዕረፍት ቀን ማሠራትን፣ ደሞዝ «አጠራቅምልሻለሁ» እያሉ መያዝን፣ አዲስ አበባ ላይ ዘመዳችን ቤት ስናየው ስሙን እንጠራዋለን ወይ? አዲስ አበባ ያለችው ልጅ ፓስፖርት የላትም፤ መታወቂያዋስ በማን እጅ ነው?

ከዚህ ተነሥቼ የምጠይቃችሁ ጥቂት ነገር ነው። በዚህ በሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2008 የወጣ፣ የቤት ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው የጽሑፍ ውል እንዲያቀርብ የሚያዝ ሕግ አለ። ሞግዚት የምትቀጥሩ፣ በተለይም አዲስ የመጣች ያገራችሁን ልጅ የምትቀጥሩ፣ ውሉን ጻፉ፤ ሰዓቱን፣ ክፍያውን፣ የዕረፍት ቀኑን። «ዘመዴ ናት፣ እንደ ልጄ ናት» አትበሉ፤ ልጅ ከሆነች ትማር፣ ሠራተኛ ከሆነች ይከፈላት። ሁለተኛ፣ ይህ ማኅበር ለዓመታት የተንጠለጠለው የቤት ሠራተኞች ደንብ እንዲወጣ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደብዳቤ እንዲጽፍ፣ ረቂቁንም የቤት ሠራተኛ የነበሩ አባላት እንዲያዘጋጁት ሐሳብ አቀርባለሁ።

ሦስተኛው ስለዚህ ስብሰባ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ጊዜውም ቀትር ነው። ላይቭ ኢን የሚሠሩት እኅቶቻችን በዚህ ሰዓት ሥራ ላይ ናቸው፤ ዙሪያችሁን ብትመለከቱ አታገኟቸውም። የሚቀጥለውን ቀን ከመቁረጣችን በፊት ተደውሎ እነሱ የሚያመቻቸው ሰዓት ይጠየቅ፤ ማክሰኞ ማታም ሆነ እሑድ ሌሊት፣ እኛ እንመጣለን። ልጆቹንም በዚያ ሰዓት እዚህ ያላችሁ ወንድሞቻችን በተራ ትይዛላችሁ፤ ከስብሰባው በኋላ ስም የሚመዘገብበት ወረቀት በሩ ላይ አስቀምጫለሁ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።